ከጎማ ሥር የወጣ ድንጋይ

ከጎጃም ለፋብሪካ ሥራ አቃቂ ስመጣ በአገሩ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። በመጀመሪያው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተሳልሜ ልመለስ ስል፣ አንዲት የማላውቃቸው እናት ክንዴን ያዙና «ግቢ እንጂ ልጄ! ደጅ የሚቆም እንግዳ ነው፤ አንቺ ምን ሆነሽ?» አሉኝ። በእግዚአብሔር ቸርነት ዓመታት አልፈው እኔው የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ስሆን፣ ደጅ የቆመ ወጣት እያየሁ ማለፍ አልሆንልኝ አለ።

በዚያን ጊዜ ደጅ የሚቆሙት የታክሲ ረዳቶች ነበሩ። ተራቸው እስኪደርስ አጥሩን ተደግፈው መዝሙር ይሰማሉ፤ ግቡ ስላቸው ይሸሻሉ።

«ተይን ማዘር፣ የኛ አፍ ለዚህ አይሆንም» ይለኛል ከመካከላቸው ረጅሙ።

ለጥምቀት በታቦት ፊት ምንጣፍ ማንጠፍ ገና እየተለመደ ነበርና፣ «አፋችሁን ማን ጠየቀ? ጉልበታችሁን ነው የምፈልገው» አልኳቸው። አምስት ስድስት ሆነው መጡ።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ቁልፍ በእጃቸው የነበረው የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌ፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ አባት፣ ነገሩን አልወደዱትም።

«ጫት ሲቅሙ የሚውሉ ልጆች ታቦት ፊት? አንድ ነገር ቢያጠፉ አዳራሹን እቆልፈዋለሁ!»

«እኔ ዋስ ነኝ፣ አባቴ» አልኩ።

ልጆቹን ደጋግሜ ያስጠነቀቅኳቸው ታቦቱን ካጀቡት ካህናትና ዲያቆናት በቀር ማንም ምንጣፉን እንዳይረግጥ ነበር። በበዓሉ ቀን ላብ በላብ ሆነው ከኋላ እየጠቀለሉ ወደፊት ሲያነጥፉ ዓይኔ በእንባ ሞላ። አስፋልቱ መታጠፊያ ላይ ግን ሽማግሌው ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ምንጣፉ መሐል ገቡ። ረጅሙ ልጅ ባየ ጊዜ በዚያ የሳሪስን ሁካታ በሚያሸንፍ ድምፁ ጮኸ።

«ፋዘር! ውረዱ! ታቦት እየመጣ ነው፣ ውረዱ!»

አልሰሙትም። የታክሲ ጣሪያ እንደሚመታው አድርጎ ጃንጥላቸውን በመዳፉ ጧ ጧ አደረገው። እልል ሲሉ የነበሩት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

በማግስቱ አዳራሹ ተቆልፎ አገኘሁት። ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

«እንደ ሚኒባስ እኮ ነው የደበደበኝ!»

«ማንም አይርገጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ይቆጡኝ። ልጁ የታዘዘውን ነው የፈጸመው።»

«እንግዲያውስ በወጉ ይቅርታ ይጠይቅ!»

ወጉን ለልጁ አስረዳሁት፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል፣ ይቅር ካልተባለ አያወርድም። «ድንጋይ ብቻ ከሆነ ችግር የለም» አለኝ።

ቅዳሜ ሽማግሌው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ስንጠብቅ፣ ልጁ ግራሶ የጠጣ ጥቁር ድንጋይ በትከሻው ይዞ እየሮጠ መጣና ተንበረከከ።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«የታክሲው ታኮ ነው፣ ፋዘር። ከጎማው ሥር አውጥቼው ነው። መኪናው ዳገት ላይ ቆሟል፣ የእጅ ፍሬኑም አይዝም፤ ሹፌሩ በእግሩ ይዞልኛል። እባክዎ ቶሎ ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ! ሰው ሳትፈጅ መልሰው!»

«ይቅር ሳይሉኝ እንዴት አወርደዋለሁ?»

«ይቅር ብያለሁ! እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ! ሩጥ!»

እሱ ሮጠ፤ እሳቸው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተከተሉት፤ እኔም ከኋላ። ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ይራገማል። ልጁ ድንጋዩን ከጎማው ሥር ሲወሽቅ፣ ሽማግሌው «ጠጋ አድርገው፣ ጠጋ!» ይሉታል። ከዚያ በሁኔታው ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ ግን ለሳቅ አልመጣሁም።

«አዳራሹስ፣ አባቴ?»

«ይቅር አልኩ እኮ!»

«ይቅርታው ለእሱ ነው። ደጅ የቀሩት ሌሎቹስ?»

«አንቺ ሴት፣ አትለቂም!»

«አልለቅም።»

ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ከኮታቸው ኪስ ቁልፉን አወጡ። እጄን ዘረጋሁ፤ እሳቸው ግን እኔን አልፈው በልጁ ግራሶ የነካው መዳፍ ላይ አኖሩት።

«እሑድ የምትከፍተው አንተ ነህ። ብታረፍድ ወዮልህ!»

እሑድ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወለሉም ተጠርጓል። ልጁን ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ብወጣ፣ አጥሩን ተደግፎ የቆመ ጓደኛውን ክንዱን ይዞ ይጎትታል።