በነፃ የሚያድል ሙሽራ

እንጅባራ ገበያ ለዓመታት የስልክ ሽፋን ቸርችሬአለሁ። ገበያተኛ በነፃ የሚሰጠውን ዕቃ አይነካም፤ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ የተበላሸ። እኔ ግን ሱቄን ዘግቼ የሚኒባስ ተራ የሚይዝ የስልክ ፕሮግራም ሠራሁ፤ ውስጡንም ማንም እንዲያየውና እንዲቀይረው ክፍት አድርጌ በነፃ በተንኩት። የምኖረው «ሲበላሽ ጠግንልን» ብለው በየወሩ በሚከፍሉኝ የትራንስፖርት ማኅበራት ነው። ደህና እኖር ነበር፤ ሽማግሌ እስክልክ።

የልጅቷ አባት ዳንግላ መናኸሪያ የተራ አስከባሪዎች አለቃ ናቸው። አጎቴ ከሽምግልናው ተመልሰው እንዲህ አሉኝ፦

«ምን ይሸጣል አሉ። አይሸጥም፣ በነፃ ይሰጣል አልኩ። በነፃ መስጠት የለመደ ሰው ነገ የልጄን ወርቅ ለማን ያድል ይሆን አሉኝ። አንተስ ብትሆን፣ አርፈህ ሽፋንህን አትሸጥም ነበር?»

በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልምና አባትየው የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡ። በማግስቱ ስልኬ ጮኸ፤ አባትየው ናቸው።

«ያ የተራ ነገር በነፃ ነው አሉ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ቢበላሽስ?»

«ለሚጠግነው ይከፍላሉ። እኔ መሆን የለብኝም፤ የቻለ ሁሉ ይጠግነዋል።»

«እንግዲያ ላንተ አልከፍልም።»

የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሁለታችንም ግን እናውቃለን።

ፕሮግራሙን በነፃ ወስደው መናኸሪያው ላይ አስጀመሩት። በሁለተኛው ሳምንት በፕሮግራሙ ውስጥ የአዲስ ቅዳምን መስመር ለብቻ ማድረግ አማራቸውና ሥራውን በርካሽ ለአንድ ስልክ ጠጋኝ ሰጡት። ጠጋኙ የአዲስ ቅዳም መኪኖችን ሁሉ እንጅባራ ተራ ላይ ደረደራቸው። ሲደውሉልኝ ከድምፃቸው በፊት የሰማሁት ክላክስ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሾፌሮቹ ሊበሉኝ ነው! ቶሎ በል!»

በነፃ ብጠግን፣ የፈሩትን ሰው መሆኔን በገዛ እጄ አረጋገጥኩ ማለት ነው። ባስከፍላቸው ደግሞ ገና አማች ሳይሆን ለሚያስከፍል ማን ልጁን ይድራል? ከሁለቱ የለመድኩትን መረጥኩ።

«የወሩን ይከፍላሉ፣ ጋሼ?»

ክላክሱ ሳያባራ «ስንት ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። ግማሹን አሉኝ። አልቀንስም አልኩ። አንድ ሾፌር የእናታቸውን ስም ጠርቶ ሲሳደብ ሰማሁ፤ ያኔ ሙሉውን ላኩልኝ። ጠገንኩ።

በቀጠሮው ቀን አጎቴ እየሳቁ ተመለሱ።

«ለኔ ያልራራ ልጄን አያስርባትም፤ ይውሰዳት አሉ።»

አሁን ልጅ ወልደናል፤ አያትየውም በየወሩ ይከፍላሉ። ቅናሽ የጠየቁት አንዴ ነው፣ ያውም በባለቤቴ በኩል። መልእክቱን አድርሳልኝ ስታበቃ፣ አባቷን ታውቃቸዋለችና፣ «እንዳትቀንስ» አለችኝ።