የተዋሱት ነጠላ

ያኔ ሸዋ ሮቢት ላይ በነፃ ለመታከም ከማዘጋጃ ቤት የድሃነት ወረቀት ማውጣት ግድ ነበር፤ በሽተኛውም ራሱ መቅረብ አለበት። ጎረቤቴ የነበሩትን ባልቴት ወባ ስለጣላቸው ዓርብ ጠዋት በቃሬዛ ወሰድናቸው። ከመነሳታችን በፊት ግን ሹም ፊት በቡትቶ አይቀረብም ብዬ አዲሱን ነጠላዬን አለበስኳቸው። አይ የኔ ነገር።

ጸሐፊው ከወንበሩ ሳይነሳ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«እማማ፣ እንዲህ ለብሰው ድሃ ነኝ ይላሉ?»

ነጠላው የእኔ ነው ብዬ ብምልም የሚሰማኝ አላገኘሁም። እሳቸው አፍረው ፊታቸውን በነጠላው ሸፈኑ። ሰኞ ያንኑ ቡትቷቸውን አልብሰን ልንመልሳቸው ተስማማን።

እሑድ አረፉ። መገነዣ የሚሆን ጨርቅ ቤታቸው ስላልነበረ በዚያው ነጠላ ገንዘን ቀበርናቸው።