ጠበል የነካው ጀሶ

በ1946 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ከግራ እግሬ ላይ ጀሶ ተፈታልኝ። ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከከተማ ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ ወደሚያሠራው ቤት ወስዶኝ ነበርና፣ ግንበኞቹ በባልዲ የበጠበጡትን ጀሶ ግድግዳው ላይ ሲለስኑ ያ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ልጄ ስለ መስኮቶቹ የሚነግረኝን መስማት ትቼ ግራ እግሬን ማሸት ጀመርሁ። «ምነው እማ፣ አመመሽ?» አለኝ። «የለም» አልሁት። እውነትም አላመመኝም።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ቤታችንም ከከተማው በላይ፣ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ። በነሐሴ መጨረሻ ዝናቡ ጋብ ሲል ከጓደኞቼ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ካለው ከፈረሰው የጥንት ግንብ ላይ ወጥተን ስንጫወት የራሰው ድንጋይ አዳለጠኝና ወደቅሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። የሰፈሩ ወጌሻ ዳብሶ «ይህስ ከእጄ በላይ ነው» ስላለ፣ ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው አያ ሰይድ በበቅሏቸው ጭነው ከከተማው ሆስፒታል አደረሱኝ። ቁስል የሚያስረው ድሬሰር እግሬን እስከ ጉልበቴ በጀሶ ጠቅልሎ ሲያበቃ፣ ጣቱን ቀስሮ እናቴን «አርባ ቀን ውሃ እንዳይነካው» አላት። እናቴ ትእዛዝ ከሰማች ሰማች ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ባፈሰሰ ቁጥር ከራሷ በፊት የኔን እግር ታለብስ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠበል ታመጣልኛለች። በጣሳ ቀድታ ትሰጠኝና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ውዳሴ ማርያሟን ትደግማለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ሁሉንም እጠጣው ነበር። ሃያ ቀን ካለፈ በኋላ ግን እግሬ ከጀሶው ውስጥ ይበላኝ ጀመር፤ በስንደዶ ብጎረጉረው አልደርስበት አለ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። በልቤም እንዲህ አሰብሁ፦ የታመመው ሆዴ አይደለም፣ እግሬ ነው፤ ታዲያ ጠበሉ ለምን ዞሮ ይሄዳል? ከዚያ ወዲያ ግማሹን እየጠጣሁ ግማሹን በጉልበቴ በኩል ወደ ጀሶው ውስጥ አንቆረቁረው ጀመር። ድሬሰሩ የከለከለው ውሃ ነው። ጠበል ውሃ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ቅዝቃዜው ወደ ተረከዜ ሲወርድና ማሳከኩ ሲታገሥልኝ፣ ሠራልኝ ብዬ በሹክሹክታ አመሰግን ነበር።

አርባው ቀን ሲሞላ አያ ሰይድ እንደገና በቅሏቸውን ጫኑ። «ይህች በቅሎ ካንቺ ወዲያ ሌላ ጭነት አልሸከምም ብላኛለች፤ ዛሬ እግርሽን ተረክበሽ ገላግይኝ» እያሉ ሲያስቁኝ ደረስን። ድሬሰሩ ጀሶውን በትልቅ መቀስ ከላይ ወደ ታች ይቀደው ጀመር። እስከ ባቴ ድረስ መቀሱ ይጮህ ነበር፤ ተረከዜ ጋ ሲደርስ ግን ጀሶው እንደ ራሰ ጭቃ እየተላቀቀ እጁ ላይ ቀረ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ከውስጥ የወጣው እግር የኔ አይመስልም፤ እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል፣ ቆዳው ይላላጣል፣ መዳፉም ወደ ውስጥ ዞር ብሏል።

ድሬሰሩ ቀና አለ። «ማነው ውሃ ያስነካው?»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጠበል ነው።»

«ምነው እህቴ! እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ጠበል ልጅቱን ያጠጧታል እንጂ ጀሶ ክርስትና ያነሳሉ?»

በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። አያ ሰይድ ብቻ አልሳቁም። ድሬሰሩ ራሱ የምሩን ነበር፤ አጥንቱ በደንብ ሳይያዝ መዞሩን፣ በየቀኑ ሳይሰለቹ ካላራመዱኝ ዕድሜ ልኬን እንደማነክስ ደጋግሞ ነገራት። በመጨረሻም «ሌላ ጊዜ የሚነግሩሽን ስሚ» አላት። የተነገራትን ሳትሰማ ቀርታ የማታውቀው እናቴ «እሺ፣ ይቅርታ» ብላ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። እኔም እዚያው አልጋ ላይ ተቀምጬ የተላላጠውን እግሬን በቀሚሴ ሸፈንሁ።

አባቴ ለሥራ አዲ አርቃይ ስለነበር የማራመዱ ነገር በእሷ ላይ ወደቀ። መቀነቷን ወገቤ ላይ ታስርና ጫፉን ይዛ ከኋላዬ ትከተላለች፤ መጀመሪያ ከመደቡ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ አጥሩ፣ ከዚያ እስከ አያ ሰይድ ደጅ፤ እዚያም ባለቤታቸው ለብ ባለ የጨው ውሃ እግሬን ዘፍዝፈው ያሹልኛል። «ሹም መጣች፣ አጃቢዋን አስከትላ!» ይላሉ አያ ሰይድ። ስረግጥ ቁርጭምጭሚቴን በመርፌ የሚወጉኝ ይመስለኝና አለቅሳለሁ። እናቴ «ቁሚ። ተንፍሺ። ቀጥዪ» ትላለች እንጂ ሌላ ቃል የላትም።

የሆስፒታሉ ቀልድ ከኛ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ «ጀሶ ክርስትና ያስነሳችው መጣች» ይሏታል፤ እሷ ፈገግ ብላ እንስራዋን ትሞላለች። ስለ ጠበሉ ለኔ አንድም ቀን አላነሳችም። ብትቆጣኝ፣ ብትቆነጥጠኝ ይሻለኝ ነበር። እግሬ እየቀለለኝ ሲሄድ ሌላው ነገር እየከበደኝ ሄደ።

ለቁስቋም በዓል፣ ኅዳር ስድስት፣ ያለ መቀነት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረስሁ። እግሬ ቀንቷል። እናቴ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች፤ ብዙ ቆይታም ተነሳች። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ፊቷን እንዳላይ ከኋላዋ እየሄድሁ፣

«እማ፣ ጠበሉን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«አውቃለሁ» አለች፣ መራመዷን ሳታቆም። «ሌላ ማን ነበር?»

«ታዲያ ምነው እኔ ነኝ አልሽ?»

«አንቺ መራመድ ነበረብሽ። ሁለቱን አትችዪም ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅም። እናቴ ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ፤ አያ ሰይድም ባለቤታቸውም የሉም፤ እስከ ደጃቸው እርምጃዬን እቆጥርበት የነበረው መንገድ ዛሬ በቤት ላይ ቤት ሞልቶታል። እግሬ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አምስት ልጆች አዝዬ ስሄድ አላጎደለብኝም። እኔም የልጆቼን ጥፋት በራሴ ላይ ያደረግሁበት ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን እንደ እሷ ዝም ማለት አልቻልሁም፣ ውዬ አድሬ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ልጆቼ መልካሞች ናቸው፤ ቤትም ይሠሩልኛል። የኔን ጥፋት ሳልጠይቀው በራሱ ላይ የሚያደርግ ሰው ግን ከእሷ ጋር ሄደ።

ያን ጊዜ፣ በቁስቋም በዓል ማግሥት ጠዋት፣ እናቴ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትጸልይ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁና ብቻዬን ወደ ከተማ ወረድሁ። ሦስት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረፍሁ። ሆስፒታሉ ስደርስ በሩ ላይ ተራ ጠባቂዎች ሞልተዋል። ድሬሰሩ አየኝና «አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ሰዎቹም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጀሶውን ያራስሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ የነገሯትን ሰምታ ነበር» አልሁት።