ስልክ መሰብሰቢያው ሳፋ

ሴትዮዋ ምሳ ከማቅረቧ በፊት በየቀኑ የሰሊጥ አጫጆቹን ስልክ በሳፋ ትሰበስባለች። ኮኪት በምትባለው የቆላ ከተማ ምግብ መሸጥ ከጀመረች ቆይታለች፤ ሳፋውን ያመጣችው ግን ጥቁር ከለበሰች ወዲህ ነው። ስልኬን አልሰጥም ያለ አይበላም።

«እትዬ፣ ፌስቡክ ካላየሁ እህል አይወርድልኝም» አላት አንድ ጎጃሜ እየሳቀ።

ጭልፋዋን ከድስቱ ጋር አላተመችው።

«የልጄን ሞት ያየሁት በደንበኛ ስልክ ነው! አገሩ ሁሉ ‹ነፍስ ይማር› እያለ ሲጽፍ፣ ደጄ መጥቶ ያረዳኝ አንድ ሰው የለም። ለመሆኑ ይኼ አጠገብህ ያለው ማን ይባላል?»

«እንጃ።»

«አብራችሁ እያደራችሁ! ነገ እባብ ቢነድፍህ ለእናትህ ማን ሄዶ ይንገራት?»

ሳቁ ጠፋ። ስልኩን ሳፋው ውስጥ አስቀመጠና አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ዞረ።

«ባየልኝ እባላለሁ» አለው። «እናቴ ያለችው ሞጣ ነው።»

ሴትዮዋ ሳፋውን ይዛ ወደሚቀጥለው ገበታ አለፈች።