የወፍ ቆሎ አጥር

የደን ባለሙያው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። የጫካው ዘበኛ ከጎኑ፣ ዶማውን ተደግፎ። ሦስት የሰፈር ሴቶች ራቅ ብለው ከግራሩ ጥላ ሥር። የአሊዩ አምባዋ ሴት ከአጥሩ ውስጥ፣ ከማሽላዋ ፊት። እኔ መዝገቡን ይዤ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ።

ያ ከሆነ ብዙ ዓመት ነው። ባለፈው ሳምንት ደብረ ሲና ላይ መኪናው እስኪነሳ ስጠብቅ፣ ከአንድ ግቢ አጥር የወፍ ቆሎ ቅጠል ቀጥፌ በጣቶቼ አሸሁ። ሽታው ያው ነው፤ አፍንጫ ይወጋል። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

የወፍ ቆሎ ቁጥቋጦ አበባው ያምራል፤ በአንድ ራስ ላይ ቢጫውም ሮዙም አብሮ ይፈካል። ግን እሾሃም ነው፣ ከሥሩም ሌላ ነገር አያበቅልም። ከቆላው ተነስቶ ወደ ጥብቁ ደን ሽቅብ ወጥቶ የወይራውንና የጽዱን ችግኝ ሲያፍን፣ ሕዝቡ ለነቀላ ተጠራ። ያን ጊዜ እኔ አንኮበር አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመጣውን ሰው ስምና የተሠራውን ሥራ እመዘግብ ነበር።

የባለሙያው ትእዛዝ አጭር ነበር። «ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል። አንዲት ጭራሮ ከጫካው እንዳትወጣ።»

በሐምሌ አንድ ቀን ባለሙያው የመጨረሻውን ክምር እንዳቃጥል ለእኔ ተወልኝ። እርጥብ ስለነበር አልያያዝ አለ፤ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው። የአሊዩ አምባዋ ሴት ከሁሉም ኋላ ቀርታ ነበር። ባሏ ሞቶባት ከጫካው ሥር ያለችውን እርሻ ብቻዋን የምታርስ፣ ማሽላዋን በየዓመቱ ዝንጀሮ የሚቀድማት ሴት ናት።

«ልጄ፣ ይኼ ሁሉ እሾህ ከሚቃጠል ለአጥር አይሆነኝም?»

«ውሰጂው፣ እትዬ» አልኳት። መዝገቡ ላይ «ተቃጥሏል» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ሳስበው፣ ግማሽ ሰዓት ብታገሥ እሳቱ ይያያዝ ነበር።

በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ ያጸዳነውን ለማየት ወረድን። አጥሩ ከሩቅ በአበባ ደምቆ ታየ። ማሽላው ከውስጥ ራሱን ደፍቷል፤ አንድም ዘለላ አልተነካም። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች።

«ዘንድሮስ ዝንጀሮው ሱሪውን አውልቆ ነው የሚገባ!»

«ሱሪ ያለው ከሆነማ፣ ወላሂ፣ በበሩ አስገባዋለሁ!» አለች የአሊዩ አምባዋ ሴት።

ሁላችንም ሳቅን። ባለሙያው አልሳቀም። አንዱን ችካል በጥፍሩ ፋቅ አደረገው፤ ውስጡ አረንጓዴ ነበር። የነቀልነው፣ እኔ የሰጠኋት እሾህ በክረምቱ ዝናብ ሥር ሰድዷል። ቀና ብሎ ወደ ጫካው ጠርዝ አመለከተን። እጃችን እየደማ ያጸዳነው መሬት ላይ የወፍ ቆሎ እንደ ጤፍ ቡቃያ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎበታል። ወፎች ፍሬውን ከአጥሩ ለቅመው ወስደውታል።

«ማን ሰጠሽ፣ እናቴ?» አላት ባለሙያው።

አንድ ጊዜ አየችኝ። «ራሴ ነኝ። ደብቄ ወሰድኩ።»

ወደ እኔ ዞረ። «መዝገቡ ምን ይላል?»

ገለጥኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ተቃጥሏል ይላል።»

«አጥሩ ዛሬ ይነቀላል» አለ፣ ወደ ሴትዮዋ ተመልሶ። «አንቺም ከእንግዲህ ለሣርም ቢሆን ጫካው ውስጥ አትገቢም።»

«ማሽላው እስኪደርስ ብቻ። ሁለት ሳምንት፣ በአላህ።»

«ፍሬው እየረገፈ ነው፣ እናቴ። አልችልም።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር።

ዶማውን ከዘበኛው እጅ ተቀብላ የመጀመሪያውን ችካል ራሷ መታች። ላግዛት ጠጋ ስል፣ «ተዪው ልጄ፣ እጅሽን ይወጋሻል» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ አጥር የሚባል አልነበረም። ክምሩ እየነደደ፣ ዝንጀሮዎቹ ከላይ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩ ነበር። እሷ ዝንጀሮ ማባረሪያ ድንጋይ በቀሚሷ ጫፍ መልቀም ጀመረች።

ባለሙያው እንሂድ አለ። ሌሎቹን ተከትዬ ሽቅብ ወጣሁ።