ደራ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ

ሃያ ዓመት የሰው ጣት ስወጋ ኖሬ ደክሞኛል። ባለቤቴ ዘንድሮ እንኳ የዓመት ፈቃድ ውጣ እያለች ትነዘንዘኛለች። የምንኖረው አዳማ ነው፤ እኔ በየጠዋቱ በሚኒባስ ደራ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ እመላለሳለሁ። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው።

አንድ ሰሞን የወባ ጥናት መጣብን። ትኩሳት ካለው ሰው ሁሉ ሁለት ጠብታ ደም ወረቀት ላይ አድርቀን፣ በስሙ ፈንታ ቁጥር ጽፈን አዲስ አበባ እንልካለን። እዚያ የተውሳኩን ዘረመል ያነባሉ ተባልን። እኛ ወረቀቱ እስኪደርቅ ዝንብ እናባርራለን።

በዚያ ሰሞን ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት የአርሲ ሴትዮ ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ደግፈው መጡ። ልጅቷ ትንቀጠቀጣለች። መብራት ጠፍቶ ማይክሮስኮፑ ስለማይሠራ ያለ መብራት በሚሠራው ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ አየኋት። ምንም አላሳየም።

«ወባ የለባትም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ቡሳ ነው፤ ወባ። ስንት ጊዜ የታመምኩበትን አጣዋለሁ እንዴ?»

«እናቴ፣ መመርመሪያው የለም እያለ!» ብዬ ቆጣ አልኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ለጥናቱ ሁለት ጠብታዬን ወሰድኩ፤ እነሱ የትኩሳት ኪኒን ተሰጥቷቸው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን በባጃጅ መልሰው አመጧት። መብራት ስለነበር ደሟን በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ወባ ሞልቶበታል። ልጅቷ ተረፈች፣ ጽንሱ ግን ተጨናገፈ።

ከዓመት በኋላ አዳማ ስብሰባ ተጠራን። የጥናቱ ተመራማሪ ቀያይ ነጥቦች ያሉበት ካርታ አሳየን። በየነጥቡ ያለው ወባ፣ ፈጣኑ መመርመሪያ የሚለይበትን ዘረመል ስለጣለ መመርመሪያው አያገኘውም አለን። ደራ ላይ ቀይ ነጥብ አለች። ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ወዲያው አፈርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ሴትዮዋ ሱቅ ሄድኩ። የሰማሁትን አስረድቼ «ልክ የነበሩት እርስዎ ነዎት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። የያዙትን ጨርቅ አጥፈው አስቀመጡና፣

«እና መመርመሪያው ተቀየረ?» አሉ።

«ይቀየራል እየተባለ ነው።» ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ የዚያው ዓይነት ሁለት ካርቶን ነበረን።

«ልጄ ደግማ አርግዛለች። ትኩሳት ቢነሳባት የት ልውሰዳት?»

«እኔ ጋ ያምጧት፤ በማይክሮስኮፕ አያታለሁ።»

«መብራት የሌለ ቀንስ? አንተ የሌለህበት ቀንስ?»

ስብሰባው ላይ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስልክ ቁጥሬን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። «ኢንሻአላህ» ብለው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። እኔም ፈቃዴን ልጅቷ እስክትወልድ አስተላለፍኩ።