ያለ ወተት የተጠጣ ሻይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ግማሹን ነው የነገርኳቸው፤ ሌላውን ግማሽ እዚያው ፊታቸው ተንበርክኬ ዋጥኩት። አሁን የምጽፍላችሁ ያንን የዋጥኩትን ነው። እንድታዝኑልኝ አድርጌ እንዳልጽፈው እጠነቀቃለሁ። መጠንቀቅ የማውቀው ሥራ ነው።

ናይሮቢ ከመጣሁ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ጊጊሪ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰነድ ክፍል እሠራለሁ። ሰው ያመጣውን ወረቀት ከዋናው ጋር አመሳክሬ፣ ፊርማውን አይቼ፣ ቀኑን አይቼ፣ ትክክል ከሆነ «ታይቷል» የሚል ማኅተም አሳርፍበታለሁ። በማኅበራችንም ስሜ የታወቀው በዚሁ ነው። በወር በወር በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረትን እየተራችን የምንዘክር አሥራ አራት ሴቶች ነን። ቤት የምትከራይ ውሉን ታሳየኛለች፤ ልጇን ትምህርት ቤት የምታስገባ ፎርሙን ይዛ ትመጣለች። ዘውዴ ካየችው አለቀ ይላሉ። ደስ ይለኝ ነበር። ደስ እንዳለኝ ግን አላሳይም፤ አለማሳየቴን ትሕትና ብዬው ነበር።

አክሲዮን የመግዛት ሐሳብ የመጣልኝ ከመሥሪያ ቤት ነው። ኬንያውያን የሥራ ባልደረቦቼ በምሳ ሰዓት ስለ ሼር ያወራሉ፤ አንዷ የገዛችው ወጣ፣ የሌላዋ ወረደ። እኔ ደመወዜን ባንክ አስቀምጬ ዝም ከማለት በቀር የማውቀው አልነበረም። አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ከተማ ወረድኩና ፈቃድ ያለው የአክሲዮን ወኪል ቢሮ ገባሁ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት ኬንያዊት አስቀምጣ አስረዳችኝ። በትንሹ ጀምሪ አለችኝ። የማይገባሽን አትግዢ፣ ለሚቀጥለው ወር ቤት ኪራይ የምትፈልጊውን አታስገቢ። «ፖሌ ፖሌ፣ ማማ» ትለኛለች በመሀል፣ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ልወጣ ስል የአንድ ፎርም ጀርባ ላይ አድራሻ ጻፈችልኝ፤ የአክሲዮን ገበያውን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሰጣቸውን ሰዎችና ድርጅቶች ዝርዝር የሚያወጣበት ድረ ገጽ ነው።

«ገንዘብሽን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ስሙን እዚህ ፈልጊ» አለችኝ። «ከሌለ አትስጪ። በየወሩ ይህን ያህል ትርፍ አይቀርብሽም የሚልሽ ከሆነ ደግሞ ለመፈለግም አትድከሚ።»

ወረቀቱን አጥፌ ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ከተትኩት። ቢሮው ሁለተኛ አልሄድኩም። ለምን? ሴትዮዋ ያለችኝ ሁሉ እውነት ነበር፤ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ አልገባኝም፣ ሁለቴ መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። ለሌላው ወረቀት አንብቤ የማስረዳ እኔ፣ አልገባኝም ማለት ከበደኝ።

ሄኖክን ያወቅኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ ያደገ ነው፤ አማርኛው ግን እንደኛው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሰዎች ከበውት ስለ አክሲዮን ሲያስረዳ ሰማሁት። ኩባንያ ሲያተርፍ ትርፉን ለባለ ድርሻዎቹ እንዴት እንደሚያከፋፍል፣ ዋጋ ለምን እንደሚወርድ፣ ሁሉን በአማርኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። የገባኝ ነገር ሁሉ እውነት መሰለኝ። ገንዘብ ከብዙ ሰው ሰብስቦ በአንድ ላይ ይገዛል፣ በየወሩ ትርፍ ይሰጣል። በየወሩ። ይህን ስሰማ ባለ መነጽሯን ሴትዮ አስታወስኳት ወይ? አስታወስኳት። እዋሻችሁ ዘንድ አልተቀመጥኩም።

ጥሩነሽን ላስተዋውቃችሁ። ጥሩዬ ነው የምላት። ላቪንግተን አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምታሠራው፣ አንዲት ልጅ አለቻት፣ ሊያ። እዚህ አገር ሲከፋኝ የምሄደው ጥሩዬ ጋ ነው። ለሊያ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ብላ ያጠራቀመችው ነበር፤ ልጅቷ ልትገባ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ስለ ሄኖክ ስነግራት፣ የባለ መነጽሯንም ነገር ነግሬያት ስለነበር፣ መጀመሪያ ያለችኝ «እንግዲያው ስሙን ከዝርዝሩ እይልኝ» ነው። እሺ አልኳት።

አላየሁም። ሥራ በዛብኝ፣ ነገ አልኩ። እሱ ግን በአንድ ረቡዕ ሊያነጋግራት ምግብ ቤቷ መጣ፤ እኔም ከሥራ ወጥቼ ደረስኩ። አስተናጋጇ ኬንያዊት ናት፣ ገና አዲስ ነበረች፤ ሻይ ሲባል የምታውቀው ከወተት ጋር አብሮ የፈላውን ነው። ልትቀዳለት ስትል እጁን ስኒው ላይ ከደነ።

«ዛሬ ረቡዕ አይደል? ቱሩንጊ አምጪልኝ» አላት፤ ወተት የሌለበትን። ማንም ሳያስታውሰው። እኔን እንኳ አላየኝም።

ያን አየሁ። ሰው ሳያየው የሚጾም ሰው የሰው ገንዘብ አይበላም ብዬ በልቤ ፈረድኩ። እኔ፣ በማኅተምና በፊርማ የምኖር ሴት፣ የአንድን ሰው ታማኝነት ባልጠጣው ወተት መዘንኩ። ጥሩዬ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ጠራችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ዘውዴ፣ ያን ዝርዝር አየሽው? ስሙ አለ?»

«አጣርቻለሁ» አልኳት።

ቃሉ ይኸው ነው። ሌላ አላልኩም። አለ አላልኩም፣ የለም አላልኩም። አጣርቻለሁ አልኩ፤ ያጣራሁት ሻይ ነበር።

«አንቺ ካጣራሽው እኔ ምን ቤት ነኝ» አለችኝና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች። ሰጠችው። እኔም ሰጠሁት።

ጥቂት ወራት በደንብ ከፈለን። ማኅበሩ ላይ ስንገናኝ ጥሩዬ «የዘውዴ ሰው» ትለዋለች፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ አንድ ጠዋት የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ልጸልይ ስገልጥ ያ ወረቀት ወደቀ። ለምን በዚያ ቀን? አላውቅም። ቢሮ ይዤው ሄድኩና በምሳ ሰዓት ዝርዝሩን ከፈትኩ። የሄኖክን ስም በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ፈለግኩ። የድርጅቱን ስም ፈለግኩ። የለም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ የለም።

ደወልኩለት። «እትዬ ዘውዴ፣ እኔ እኮ በሌላ ድርጅት ሥር ነው የምሠራው፣ የሚወጣው የእነሱ ስም ነው» አለኝ። የማን? «ደብዳቤውን እልክልሻለሁ።» የማይመጣ ወረቀት ገና ከአነጋገሩ ይታወቃል፤ ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው። በዚያው ስልክ ላይ እናቴ ታማለችና ገንዘቤን እፈልገዋለሁ አልኩት። እናቴ ደሴ ውስጥ ደህና ነበረች። ጾም ላይ ነበርኩ፣ እናቴን አሳመምኳት።

በአራተኛው ቀን መለሰልኝ። ሳይጎድል። «ለሌሎቹ ባታወሪው ጥሩ ነው፣ ሰው በከንቱ ይደነግጣል» አለኝ። እሺ እንኳ አላልኩትም። ዝም አልኩ። ለእሱ ዝምታዬ በቂው ነበር።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ደረስኩ። እስካሁን ያወራሁት ቸልታ ነው፤ ቸልታ ማንም ላይ ይደርሳል ትሉኝ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው ቸልታ አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ አምስት እሑዶች አለፉ። በአምስቱም ጥሩዬ ከጎኔ ቆማ አስቀድሳለች። በአንዱም አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ስሙ የለም ብላት፣ ያኔ አጣርቻለሁ ያልሽኝ ምን ነበር ትለኛለች። ሁሉም ገንዘቤን ቢል ደግሞ ሄኖክ የመለሰልኝን መልሺ እንዳይለኝ ፈራሁ፤ ገንዘቡ በእጄ ሆኖም ፈራሁ። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ዋናው ስሜ ነው። ዘውዴ ካየችው አለቀ የሚለውን ስም ለማዳን የጓደኛዬን ልጅ ትምህርት ሰጠሁ።

በሦስተኛው እሑድ ጥሩዬ እቁብ ደርሷት ነበር። ግቢው ውስጥ ጫማችንን እያደረግን፣ «ልጨምርበት እንዴ ዘውዴ?» አለችኝ።

«እንደ ፈቀድሽ» አልኳት። ጨመረችበት።

ፋሲካ ሳይደርስ የሄኖክ ስልክ ተዘጋ። ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሩንዳ ነው የምኖረው ይል ስለነበር ታክሲ ይዘን ሄድን፣ ጥሩዬና እኔ። እኔም አብሬያት ሄድኩ። ገንዘቤ ባንክ ተቀምጦ፣ ገንዘቧ እንደጠፋባት ሴት ከጎኗ ተቀምጬ። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «አሜሃማ» አለን፣ ለቆ ሄዷል። የኖረውም ከጓሮ ካሉት የሠራተኛ ክፍሎች በአንዷ ነበር። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

«ይቅርታ ዘውዴ» አለችኝ። «አንቺም እኩል ተቃጥለሽ እኔ ለራሴ ብቻ አለቅሳለሁ።»

እጄን አልነጠቅኳትም። እዚያው ተውኩላት።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ምሳ ላከችልኝ፣ በሳህን ከድና፣ ከምግብ ቤቷ። ከደመወዝሽ ለምሳ አታውጪ፣ እስክታገግሚ ብላ። ሽሮ ነበር፣ አንዳንዴ ጎመን። በላሁት። በየቀኑ በላሁት። ሳህኑን አጥቤ መለስኩላት። ጣዕሙን አላስታውስም።

ሊያ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ሁለት ዓመት እናቷ ምግብ ቤት ሒሳብ መቀበያው ላይ ተቀመጠች። በሄድኩ ቁጥር ተነሥታ ትስመኛለች። የእኔን ገንዘብ ለክፍያዋ መስጠት እችል ነበር። ከሰጠሁ ከየት አመጣሽው እባላለሁ። ስለዚህ አልሰጠሁም።

ለንስሐ አባቴ ጓደኛዬን ዋሽቻለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። ምን ብዬ እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፤ አልነገርኳቸውም። ስግደት ሰጡኝ፣ ሄደሽም ይቅርታ ጠይቂያት አሉኝ። ስግደቱን ሳላጓድል ፈጸምኩ። ይቅርታውን እንዴት እንደጠየቅኩ ስሙ። ልቆርብ በነበረበት ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ከመቁረቡ በፊት ይቅር በሉኝ እያለ በሚዞርበት ቀን ሄድኩ። ጥሩዬ ዕቃ እያጠበች ነበር።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ውይ፣ አንቺን ደግሞ ለምኑ?» ብላ ሳቀች። «ይቅር ለእግዚአብሔር። እኔንም ይቅር በይኝ።» በእርጥብ እጇ አቅፋ ትከሻዬን ሳመችኝ።

እንደ ሥርዓቱ ጠየቅኳት፣ እንደ ሥርዓቱ መለሰችልኝ። የማታውቀውን በደል ይቅር አስባልኳት። በማግስቱ ቆረብኩ። ከዚያ ወዲህ አልቆረብኩም፤ የሚጠይቀኝ ሲኖር ጤናዬን ምክንያት አደርጋለሁ።

ሊያ ዘግይታም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጨርሳ ሥራ ይዛለች። ባለፈው ሳምንት በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «አንቲ ዘውዴ፣ ሀይ። ከሳላሪዬ ትንሽ ሼር መግዛት ፈልጌ ነበር። አንድ አድቫይዘር አግኝቻለሁ፣ ግን ሊጂት መሆኑን እንዴት ነው የማውቀው? ማሚ ለአንቲሽ ላኪላት፣ እሷ ታጣራልሻለች አለችኝ።»

ማሚ እሷ ታጣራልሻለች አለችኝ። ይህን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ምንም አልተሰማኝም፤ መሰማት እንደነበረበት ብቻ አወቅኩ። ከውዳሴ ማርያሜ ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁ፤ እጥፋቱ ላይ ተቀዷል። ዝርዝሩን ከፍቼ የሰውየውን ስም ፈለግኩ። አለ። ፈቃዱም አልተሰረዘም። አድራሻውን ጻፍኩላትና ስሙን ራስሽ ግቢና እይው፣ በእኔ ቃል አትሂጂ አልኳት።

ወዲያው መለሰችልኝ። «አንቲ ደግሞ፣ አንቺ ካየሽው እኔ ምን ቤት ነኝ?» ከሥሩ የሚስቅ ፊት አድርጋበታለች።

የእናቷ ቃል ነው። ከእናቷ ሰምታ ነው።

ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። እናንተ ከማንበባችሁ በፊት ጥሩዬ ታነበዋለች፤ ነገ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ይዤላት እሄዳለሁ። ሄኖክ የመለሰልኝን ገንዘብም ይዤ እሄዳለሁ፣ ግን ከዚህ ጋር አንድ ላይ እንዳታዩት። ገንዘቡ አምስት እሑድ አይመልስም፣ የሊያን ሁለት ዓመትም አይመልስም። ብቻዬን ነበርኩ፣ አገሩ የሰው አገር ነው፣ ፈራሁ፣ ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ምክንያት አይሆነኝም። እሷም ብቻዋን ነበረች። ለእሷም የሰው አገር ነው።

ጥሩዬ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። አንድ ጊዜ ብለሽኛል፣ እጅሽ ከነውሃው ትከሻዬ ላይ ሆኖ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቂ። ያን ይቅርታ ይኸው መልሼልሻለሁ። አሁን ታውቂያለሽ። የፈለግሽውን አድርጊበት።